የመሪጌታ ዓምደ ሚካኤል ምራት

አምባቸው የሞተው በኅዳር ወር ነው። የውኃ ፓምፕ ጥገና ባለሙያ ነበር። ቆላ ድባ አካባቢ የገበሬዎች ፓምፕ ጠግኖ ወደ ባሕር ዳር ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና መንገድ ስቶ ተገለበጠ። ሾፌሩ እግሩ ተሰብሮ ተረፈ፤ አምባቸው ግን ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። ሚስቱ ሰገነት መርዶውን የሰማችው በምትሠራበት ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ እጇ ላይ ጓንት እንዳጠለቀች ነው። ሊነግሯት የገቡት ሁለት ባልደረቦቿ ነበሩ። አንደኛዋ ቃል አልወጣ ቢላት ጓንቱን ከሰገነት እጅ ላይ ቀስ ብላ ታወልቅ ጀመር። ሰገነት ያኔውኑ ገባት።

የአምባቸው አባት መሪጌታ ዓምደ ሚካኤል ዘጌ ነበሩ። ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ፣ ወደ ጣና ገባ ያለ፣ በቡና ጫካ የተሸፈነ አገር ነው። እሳቸው እዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለች ጎጆ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ሚስታቸው አምባቸው ገና ሕፃን ሳለ ስለሞተችባቸው ሌላ ሚስት ሳያገቡ ያንን አንድ ልጅ ራሳቸው አጥበውና አጉርሰው ነው ያሳደጉት።

አስከሬኑ በጀልባ ወደ ዘጌ ተወሰደ። በዚያ አገር ሰው ሲሞት ዜማውን የሚያነሡት መሪጌታ ነበሩ። የስንቱን እናት፣ የስንቱን ልጅ በድምፃቸው ሸኝተዋል። የዚያን ዕለትም ካህናቱ በሳጥኑ ዙሪያ ቆመው ጠበቋቸው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣም። ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻ የቀድሞ ተማሪያቸው ቄስ ወልደ ሐዋርያት በእሳቸው ፈንታ አነሡ። መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ዝም እንዳሉ ቆሙ።

ከቀብሩ በኋላ ባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር ያለው የሰገነት ቤት በሰው ተሞልቶ ሰነበተ። እድርተኛው ድንኳን ጣለ፤ ጎረቤት በየተራ ምግብ አመጣ፤ የኮሌጁ ሰዎች ማታ ማታ እየመጡ አመሹ። እናቷ ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ከአዳማ መጥተው አብረዋት ከረሙ። የአርባው ተዝካር እንዳለፈ ግን እናትየው ሻንጣ ያሰናዱ ጀመር። ከራሳቸው ልብስ ጋር የሰገነትንም ያጣጥፋሉ።

“ምን እያደረግሽ ነው እማዬ?”

“ወደ ቤትሽ ልወስድሽ ነዋ። እዚህ ማን አለሽ? ልጅ የለሽ፣ ዘመድ የለሽ።”

“ሥራ አለኝ።”

“ሥራ አዳማም አለ ልጄ።”

ሰገነት የታጠፈውን ልብሷን ከሻንጣው መልሳ አወጣች። ለምን መቆየት እንደፈለገች ራሷም በቅጡ አታውቀውም ነበር። ከዚያ ቤት ከወጣች አምባቸውን እንደገና የምትቀብረው ይመስላታል፤ ያላት ምክንያት ይኸው ብቻ ነው። እናቷ አልቅሰው፣ መርቀው፣ ብቻቸውን ተሳፈሩ።

ሰገነት አዳማ ሳለች በሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን መካከል ነው ያደገችው። ካገባችም በኋላ እሑድ እሑድ ከባሏ ጋር ታስቀድስ ነበር። አሁን ግን የቅዳሴ ደወል ስትሰማ ብርድ ልብሱን ራሷ ላይ ትስባለች። እግዚአብሔርን አልካደችውም፤ አኮረፈችው። ድሮ ከአምባቸው ጋር ስትጣላ ጀርባዋን ሰጥታ እንደምትተኛው ሁሉ፣ አሁን ለእሱም ጀርባዋን ሰጠችው።

በጥር ወር ቄስ ወልደ ሐዋርያት ስልክ ደወሉላት።

“ሰገነት፣ የኔታ ወድቀው ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን አልተሰበሩም። ግን ዓይናቸው ጨርሶ ደክሟል። ምግብም እንደ ነገሩ ነው። ይታከሙ፣ እኛ ቤት ይግቡ ብለን ብንለምናቸው እንቢ አሉን፤ ምናልባት አንችን ቢሰሙሽ ብየ ነው።”

የመሪጌታን ዓይን ሞራ መጋረድ ከጀመረው ቆይቷል። አምባቸው ሰገነትን ሊያስተዋውቃቸው ዘጌ ይዟት በሄደ ጊዜ እንኳ ፊታቸው የቆመችው ልጅ ጥላ እንጂ መልክ አልነበራትም። ዜማውን በቃላቸው ስለሚያውቁት ለማስተማር የዓይናቸው መድከም አላስቸገራቸውም። አምባቸው “ኑ እናሳክምዎት” ባለ ቁጥር “ከመስቀል በኋላ”፣ “ከጥምቀት በኋላ” እያሉ ዓመታት አለፉ።

ሰገነት ፈቃድ ጠይቃ በማግሥቱ ጀልባ ተሳፈረች። መሪጌታን ያገኘቻቸው ከጎጇቸው ደጃፍ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ሰጥተው ተቀምጠው ነው። አንድ ጉንጫቸው ላይ የመላላጥ ቁስል አለ።

“ማነው?”

“እኔ ነኝ አባ፤ ሰገነት።”

“ሰገነት!” ሊነሡ ሞከሩ። “አንች ልጅ፣ ምን አመጣሽ በዚህ ብርድ?”

“ልወስድዎት መጥቼ ነው።”

“ወዴት?”

“ወደ ቤት።”

“ቤቴስ ይኸው ነው። የሞተ ልጄ ቤት ገብቼ ምን እሠራለሁ? ላንች ሸክም ልሁን?”

ሰገነት አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። መንገድ ላይ ያሰናዳችው ንግግር ነበር፤ ስለ ሕክምና፣ ስለ ምግብ። ሁሉም ጠፋባት።

“አባ፣ ማታ ከሥራ ስመለስ ቤቱ ውስጥ ምንም ድምፅ የለም” አለች። “ራዲዮ ከፍቼ ነው የምተኛው። እርስዎ ቢመጡ ሸክም አይሆኑብኝም። ሰው ይሆኑኛል።”

አንዲት ወፍ ከቡናው ውስጥ ትጮኻለች። መሪጌታ እጃቸውን ዘርግተው መቋሚያቸውን ዳበሱ።

“ይኸ የመጣሽበት ጀልባ መቼ ነው የሚመለሰው?” አሉ።

አብሮ መኖሩ መጀመሪያ ላይ ለሁለቱም ከበዳቸው። መሪጌታ ከአልጋቸው እስከ ግቢው በር መንገዱ ይጠፋባቸው ነበርና ሰገነት ከክፍላቸው እስከ መጸዳጃው የልብስ ማስጫ ገመድ ወጥራ “ይህን ይዘው ይሂዱ” አለቻቸው። እሳቸው ደግሞ “እንደ በግ አሰርሽኝ” እያሉ ገመዱን ይዘው ይሄዳሉ። ሽሮዋ ጨው አያውቅም ብለው አሟት፤ ግን ቁርስ ምሳ ሳይሉ ሙልጭ አድርገው ይበሉላት ጀመር። ራዲዮ ላይ ዜና የሚያነበውን ሰው “ይኸ ሰውየ ትንፋሽ አይወስድም እንዴ?” ብለው ሲታዘቡ ሰገነት ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቋ ራሷን አስደነገጣት። ቀን ቀን እሷ ሥራ ስትውል ኪዲ የምትባል ጎረቤቷ ጎራ እያለች ታያቸዋለች። አንዳንድ ሰው ደግሞ “ወጣት ናት፤ ነገ ብታገባ ሽማግሌውን የት ልታደርጋቸው ነው?” ይላል። ሰገነት ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች።

አንድ ማለዳ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ መሪጌታን በክፍላቸው ውስጥ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው አየቻቸው። ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም። በሌላው ቀንም እንዲሁ አየቻቸው፤ በሌላውም። ቁርስ ላይ አላስችል አላት።

“አባ፣ ጠዋት ጸሎት ላይ ነበሩ?”

“አልነበርሁም።”

“ቆመው አይቼዎት ነው።”

“እቆማለሁ እንጅ አልጸልይም ልጄ። ከቀብሩ ወዲህ ቃሉ አልመጣ አለኝ። እግሬ ግን ከልጅነቱ ለምዶታልና ሰዓቱ ሲደርስ ይቆማል።”

ሰገነት የቆረሰችውን እንጀራ መልሳ አስቀመጠች። መሪጌታ የሚያህሉ ሰው፣ ስንቱን ያጽናኑ መምህር፣ እንዲህ ይላሉ ብላ አልጠበቀችም። ከመገረሟ ይልቅ ግን ያልጠበቀችው እፎይታ ተሰማት።

“እኔ መቆሙንም ትቼዋለሁ” አለች።

“ተቆጥተሽው?”

“አዎ።”

“እኔም ተቆጥቸዋለሁ” አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው እንዳይሰማ የፈሩ ይመስል። እጃቸውን በሰሐኑ ላይ አሳልፈው እጇን ፈለጉና ያዟት። “ታዲያ ነገ አብረን እንቁም። አንችም ምንም አትበይ፤ እኔም አልልም። ዝም ብለን ፊቱ እንቁም። ተቆጥተንም ቢሆን ልጆቹ ነን፤ ከፊቱ አንጥፋ።”

በማግሥቱ አብረው ቆሙ። ሰገነት መጀመሪያ ቀን አፈረች፤ እግሯን አመማት፤ ስለ ሥራ አሰበች። በሌላው ቀን ስለ አምባቸው ጫማ አሰበች፤ ገና በር ሥር እንዳለ ነው። እንዲህ እያለ ሰነበተ። መሪጌታ አንዳች አይሉም፤ አተነፋፈሳቸው ብቻ ይሰማታል፤ እሱም ያበረታታታል። ከዕለታት አንድ ቀን ደረቷ ውስጥ ተጠቅልሎ የነበረ ነገር የተፈታ መሰላትና “ጌታዬ” አለች። ቀጥላ የምትለው አልነበራትም፤ ያቺው ቃል ብቻ ከእንባ ጋር ወጣች። መሪጌታ ሰምተዋል፤ ግን አልዞሩም። ቁርስ ላይ ብቻ፣ ከወትሮው ተለይተው፣ “ዛሬ ሽሮሽ ጨው አላት” አሏት።

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ሰገነት የመሪጌታን ነጠላ በእጇ ታጥባለች። ኪዲ በአጥሩ ወዲያ ምስር ትለቅማለች።

“አባ፣ አምባቸው ልጅ ሳለ ምን ዓይነት ነበር?” አለች ሰገነት። ከሞተ ወዲህ በመካከላቸው ስሙን ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነው።

መሪጌታ ጺማቸውን አሻሹ። “ዜማ የማይገባው ልጅ!” አሉ። “እግዚአብሔር ሁሉን ሰጥቶት ጆሮ ነሣው። ከተማሪዎቹ ጋር አስቀምጨው ሳስተምር እሱ ጓሮ ሄዶ አንድ ነገር ይፈታል። አንድ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑን የግድግዳ ሰዓት ፈታትቶ አገኘነው። አለቃው ሊገርፉት ሲሉ ‘ትንሽ ይታገሡኝ’ አላቸውና ገጣጠመው። ሰዓቱ ከዚያ በፊት ቆሞ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሠራ። አለቃውም ትተውት ሄዱ።”

ሰገነት እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ ቀረ። አምባቸውን ሱሪው በጭቃ የተበከለ፣ መፍቻ የያዘ ልጅ አድርጋ ታየችው፤ ፈገግ አለች።

“እኔስ በእኔ እግር እንዲተካ ነበር ሐሳቤ” ቀጠሉ መሪጌታ። “ቴክኒክ ልማር ብሎ ወደ ከተማ ሲሄድ ‘በቃ፣ ዜማውን ጥሎት ሄደ’ አልሁ። ሙያው እንጀራው ሆነለት፤ ደስ ብሎኛል። ይችን ቅያሜ ግን ሆዴ አልረሳትም።”

“ኧረ አልጣለውም!” አለች ሰገነት።

“ምኑን?”

“ዜማውን። ይዘምር ነበር እኮ አባ። ገላውን ሲታጠብ፣ ምስማር ሲመታ፣ ሁልጊዜ። ያንን እርስዎ ለእመቤታችን በዓል የሚሉትን።”

“አምባቸው? የእኔ ልጅ?”

“ኪዲን ይጠይቋት።”

ኪዲ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። “አባ፣ እኛ እኮ ጠዋት የምንነሣው በእሱ ነበር! ባለቤቴ ‘ለዚህ ሰው አፉን የሚከድንበት ትራስ ቢገዙለት’ ይል ነበር።”

መሪጌታ ወደ ሰገነት ድምፅ ዞሩ። “እንዴት አድርጎ ነበር የሚለው? እስቲ በይልኝ።”

ሰገነት አፈረች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ አደረቀችና ድምፅዋን አወፍራ፣ ልክ እንደ አምባቸው፣ ጀመረች። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ እሷም አጠራት። ቃሉ ሲጠፋው በፉጨት ይሞላዋል፤ እሷም አፏጨች። መጨረሻው ላይ ግን ሁልጊዜ በድል አድራጊነት ነበር የሚያሳርገው፤ እሷም እንደዚያው አሳረገች።

የመሪጌታ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ሰገነት ያለቀሱ መስሏት ደንግጣ ተነሣች። እየሳቁ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየቻቸው ያኔ ነው።

“ይኸ ልጅ! ይኸ ልጅ!” አሉ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። “ዕዝሉን ከአራራይ ደባልቆት! ሁለት የዜማ ዓይነት ባንድ ድስት ቀቀለው! እንዲህ አይደለም እኮ…” ቀኝ እጃቸውን አነሡ፤ ተማሪ ሲያርሙ እንደሚያደርጉት። “እንዲህ ነው” አሉና ዜማውን አነሡ።

መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ሻካራ ነበር። ሁለተኛው ሐረግ ላይ ጠራ። ሦስተኛው ላይ ከፍ ብሎ አምባቸው ትንፋሽ ያጥረው የነበረውን ቦታ እንደዋዛ ተሻግሮ ሄደ። ኪዲ የምስሩን ሰፌድ አስቀመጠች። መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ቆሙ። መሪጌታ ምን እያደረጉ እንደሆነ አላስተዋሉም፤ ልጅ ተሳስቷልና እያረሙ ነው። እስከ መጨረሻው አሉት።

ያን ጊዜ እጃቸውን ወደ ጉሮሯቸው ወሰዱ።

“ሰገነት” አሉ። “እኔ ነኝ?”

“እርስዎ ነዎት አባ።”

ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እሷም አጠገባቸው ተቀምጣ አለቀሰች። ለቅሶው የቀብሩን ዕለት ዓይነት አልነበረም፤ ያኛው አንጀት እየቆረጠ የሚወጣ ነበር፤ ይኸኛው ግን እያሳረፈ ወጣ። “አልጣለውም ለካ” ይላሉ መሪጌታ በመካከሉ። “ልጄ ዜማዬን ይዞት ነበር ለካ።”

በማግሥቱ ጠዋት ሲቆሙ መሪጌታ በድምፅ ጸለዩ። ረጅም ጸሎት ነበር፤ ሰገነት ግማሹ አልገባትም። የአምባቸውን የክርስትና ስም ሲጠሩ ግን ሰማች። “ስለ ሰጠኸኝ አመሰግንሃለሁ” አሉ። ስለ መውሰዱ ምንም አላነሡም። ሰገነት “አሜን” አለች፤ አሜን ያለችውም ከልቧ ነበር።

መጋቢት ላይ በከተማው ሆስፒታል የዓይን ሐኪሞች ሞራ የጋረዳቸውን ሰዎች በዘመቻ እንደሚያክሙ ተሰማ። ሰገነት ወሬውን ይዛ እየሮጠች መጣች።

“ተይ ልጄ” አሉ መሪጌታ። “ከእንግዲህ ምን ላይ ብየ? ማየት የምፈልገው አፈር ውስጥ ነው።”

ሰገነት ቦርሳዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ቅር አላት። ከዚያ በፊት ለማንም ያልተናገረችውን ነገር ተናገረች።

“እኔን እኮ አላዩኝም አባ።”

“ምን አልሽ?”

“ምራትዎ ከሆንኩ ዓመታት አለፉ። አንድ ቤት ውስጥ እንኖራለን። መልኬን አያውቁትም።”

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። “ይኸስ እውነት ነው” አሉ በመጨረሻ። “ነውርም ነው።”

በበነጋው ሰገነት ስትነሣ እሳቸው ገላቸውን ታጥበው፣ ነጩን ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው በሩ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። ሆስፒታል ሲደርሱ ያስጨነቃቸው ቢላዋው አልነበረም።

“ልጄ” አሏት ሐኪሟን፣ “ይኸ ጠብታ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል? ጾም ላይ ነኝ።”

“ትንሽ ሊመርዎት ይችላል እንጂ ጾም አያስፈታም አባ” አለች ሐኪሟ፣ ሳቋን አፍና። “ደግሞ መድኃኒት ነው፤ እግዚአብሔር አይቆጣም።”

“እሱስ አይቆጣም፤ እኔ ነኝ የተቆጣሁት፤ አሁን ግን ታርቀናል” አሉ መሪጌታ። ሐኪሟ አልገባትም። ሰገነት ግን ገብቷት እጃቸውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

የተሠራው የቀኝ ዓይናቸው ነበር። በማግሥቱ ነርሷ መሸፈኛውን ስታነሣ መሪጌታ መጀመሪያ ያዩት መስኮቱን ነው። ብርሃኑ በዛባቸውና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደገና ሲከፍቱ የነርሷን ጣቶች አዩ፤ ቀጥለው የራሳቸውን እጅ፤ “አርጅቻለሁ እኮ!” አሉ። ከዚያ ሰገነት ፊታቸው ቆመች። ጥቁር ለብሳለች። ፀጉሯን በሻሽ አስራለች። ልቧ እንደ ሙሽራ ይመታል።

መሪጌታ ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

“አንች ነሽ?”

“እኔ ነኝ አባ።”

“ከሲታ ነሽ። በድምፅሽ ወፍራም ትመስይኝ ነበር።”

ተራ የሚጠብቁት ሕመምተኞች ሁሉ ሳቁ። ሰገነት እየሳቀች እንባዋ ወረደ። መሪጌታ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

“አምባቸው ቆንጆ ናት ሲለኝ ‘ፍቅር ነው የሚያናግረው’ ብየ ነበር” አሉ። “አልዋሸም።”

ቤት እንደገቡ የሠርጉን ፎቶ አምጭልኝ አሏት። ከሰገነት ጋር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ፎቶውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ተመለከቱት። አምባቸው ፎቶው ላይ በሙሉ ጥርሱ ይስቃል።

“ጺም አውጥቶ ነበር እንዴ?” አሉ።

“አዎ አባ። እንዲላጨው ብዙ ለመንኩት።”

“በእናቱ ወጥቷል” አሉ መሪጌታ። “አገጩን እይው። በእናቱ።” ስለ እናቱ ይነግሯት ጀመር። ሰገነት ጠዋት የሠራችውን ሽሮ አሙቃ አመጣች፤ እየበሉ ብዙ አወሩ።

ፋሲካን ዘጌ እንዲያደርጉ ተስማሙ። ሰገነት ግን ፈራች። ከቀብሩ ዕለት በኋላ መሪጌታን ልታመጣ ስትሄድም መቃብሩ ባለበት በኩል አላለፈችም። ስቅለት ዕለት በብዙ ሰው መካከል ስትሰግድ ዋለች፤ ጉልበቷ ተላጠ። ሐዘኗን ብቻዋን እንዳልተሸከመችው ያን ቀን ታወቃት። መስቀሉ ሥር እናቲቱ ቆማለች፤ ልጇን አጥታለች፤ እሷም ታውቀዋለች። ይህን ማንም አልሰበከላትም። ስትሰግድ በራሱ መጣላት።

ቅዳሜ ጠዋት ካህናቱ ቃጭል እያሰሙ፣ በመስቀሉ ሰላም እንደሆነ እያበሰሩ፣ ከሐይቁ ዳር የታጨደውን ለምለም ቀጤማ ለሕዝቡ አደሉ። ሰው ሁሉ ራሱ ላይ ያስራል። ሰገነት የደረሳትን ይዛ ዳር ላይ ቆማ ሳለ መሪጌታ መጡና ከእጇ ወስደው ራሳቸው በሻሿ ላይ አሰሩላት። ውኃ ውኃ ይሸታል።

“የከሲታ ጭንቅላት ለማሰር ይመቻል” አሉ።

በትንሣኤው ቅዳሴ ዜማውን የመሩት መሪጌታ ናቸው። ሴቶቹ እልል ሲሉ ሰገነት ዝም ብላ ትሰማ ነበር። አንድ ቦታ ላይ፣ ከጎኗ የቆሙት አሮጊት ዘወር ብለው ሲያዩዋት፣ ራሷም እልል እያለች እንደነበር አወቀች። መቼ እንደ ጀመረች አላወቀችም።

ሲነጋ፣ ሰው ጾም ሊፈታ ወደየቤቱ ሲበተን፣ የመሪጌታን ክንድ ያዘች።

“ወደ እሱ ይውሰዱኝ።”

“ዛሬ አይለቀስም ልጄ። ትንሣኤ ነው።”

“አላለቅስም።”

መቃብሩ ከቡናው ጫካ ጠርዝ ላይ ነው፤ ከዚያ ላይ ሐይቁ ይታያል። አፈሩ ረግቷል። ሰገነት ቆመች፤ ምን እንደሚባል አታውቅም። ከልጅነቷ ጀምሮ ትንሣኤ ሲባል የምታስበው የጌታን ባዶ መቃብር ነበር፤ ሩቅ አገር፣ ሩቅ ዘመን። አሁን ግን የሰማችው የገዛ ባሏ ነገር ሆነባት። ይኸ መቃብር ማቆያ እንጂ መጨረሻ አይደለም ማለት ነው። አምባቸው ተጠብቆ ያለው በማይረሳው ጌታ እጅ ነው። ይህን ስታስብ ናፍቆቷ አልቀነሰም። ግን መድረሻ አገኘ።

“እንኳን አደረሰህ አምባቸው” አለች።

ነፋሱ ቡናውን አወዛወዘው። መሪጌታ ከጎኗ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በልጃቸው ፈንታ መለሱላት።

“እንኳን አብሮ አደረሰን።”

ሰገነት አላለቀሰችም። ክንዳቸውን ይዛ ቆየች፤ ከዚያ ራባት። በጣም ነበር የራባት።

ጾም የፈቱት ቄስ ወልደ ሐዋርያት ቤት ነው። ሰገነት ዶሮውን ሁለቴ አስጨምራ በላች፤ የቄሱ ሚስትም ደስ ብሏቸው ሦስተኛ ሊያወጡላት ተነሡ። በምግቡ መካከል መሪጌታ እጃቸውን ጠርገው፣

“እኔ እዚሁ እቀራለሁ” አሉ።

ሰገነት ጉርሻዋ እጇ ላይ ቀረ። “ትተውኝ ነው?”

“አልተውሽም። ድምፄን መለሰልኝ፤ ዓይኔን ከፈተልኝ፤ ተማሪዎቹ ደግሞ ተበትነው ሊሄዱ ነው። ልቀመጥበት ነው እንዴ? አንች ቅዳሜ ቅዳሜ ነይልኝ። ክረምት ሲገባ እኔ እመጣለሁ፤ የዘጌ ክረምት አጥንት ይሰብራል።”

“ገመዱን አልፈታውም እንግዲህ።”

“አትፍችው። የግራው ዓይኔ ገና ነው።” ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ደግሞ አንድ ቀን ልብሽ የፈቀደው ሰው ቢመጣ፣ ሰው ምን ይለኛል እንዳትይ። አባት ሆኘ የምመርቅሽ እኔ ነኝ።”

“አባ!” አለች ሰገነት፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና። ቄስ ወልደ ሐዋርያት ከት ብለው ሳቁ።

ማክሰኞ ሥራ ስለምትገባ ሰኞ ከሰዓት በኋላ መሪጌታ እስከ ሐይቁ ዳር ሸኟት። መንገዱን ሁሉ ያሳዩዋት እሳቸው ነበሩ፤ ያችን ዛፍ እይ፣ ያንን የደንገል ጀልባ እይ እያሉ። ለበዓሉ የመጣው ሰው ብዙ ስለነበር ሁለት ጀልባ አንድ ላይ ተነሣ። ሰገነት ከኋለኛው ወንበር ጥግ ተቀምጣ ወደ ዳር ተመለከተች። መሪጌታ ነጭ ለብሰው ውኃው ጫፍ ላይ ቆመው በሙሉ ክንዳቸው እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ ግን ለሌላኛው ጀልባ ነው። እዚያ ውስጥ ጥቁር የለበሰች አንዲት ወፍራም ሴት ግራ ገብቷት ታውለበልብላቸዋለች።

ሰገነት ብድግ አለች፤ ጀልባው ተወዛወዘ፤ ነጂው ጮኸባት።

“አባ! እዚህ ነኝ! በዚህ በኩል!”

መሪጌታ ድምፅዋን ሰምተው ዞሩ። ቀኝ ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለው ፈለጓት፤ አገኟትም። ከዚያ መቋሚያቸውን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው፣ ጀልባው እስኪርቅ ድረስ፣ ለእሷ አወዛወዙላት።